የፀሐይ ማኅተም፤ ያለ ካሜራ ስለሚሠራ ፎቶግራፍ

በምንሠራበት መሥሪያ ቤት፥ በመዝገብ ክፍሉ መስኮት አጠገብ ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ የነበረ አንድ አረንጓዴ የመዝገብ ሽፋን በቅርቡ ከመደርደሪያው ላይ ተነሣ። ሽፋኑ ፀሐይ በልቶት ወደ ቢጫነት ተለውጧል። ነገር ግን በላዩ ላይ ተረስታ የከረመች አንዲት ማስመሪያ ከስፍራዋ በተነሣች ጊዜ መልኳ በቀድሞው አረንጓዴ ቀለም ቁልጭ ብሎ ታትሞ ተገኘ፤ የተሰበረው ጫፍዋ እንኳ ሳይቀር ይታያል። ተላላኪው አሮጌ ነው ብሎ ሊጥለው ሲል ለምነን ወሰድነውና ጥቂት ቀን በጠረጴዛችን ላይ አቈየነው።

ይህ ሽፋን ፎቶግራፍ ነውን? ብርሃን ነበረ፤ ብርሃን መልኩን የሚለውጠው ነገር ነበረ፤ ከብርሃን የሚጋርድ ነገርም ነበረ። የጐደለው ካሜራ ብቻ ነው። ሆኖም ሥነ ጥበብ ነው ለማለት የሚደፍር አይኖርም፤ አስቦ ያደረገው ሰው የለምና። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነውም ይህንኑ ነገር ነው፤ ይኸውም ተፈጥሮ ራስዋ ሥዕሉን ስትሠራ ለሰው የሚቀረው የሥራ ድርሻ ምንድር ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ሥራ ፈት ሰዎች የሚጫወቱበት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ካሜራን ወደ ጐን ትተው በቅጠል፥ በውሃ፥ በጨረቃና በመብረቅ ብርሃን ፎቶግራፍ የሚሠሩ ሰዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ተነሥተዋል። በለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከ2010 እስከ 2011 ድረስ «ጥላ ያዦች» የሚል ስም የሰጠውን ትርኢት ሲያሳይ አምስት እንደነዚህ ያሉ ባለሙያዎችን በአንድነት አቅርቦ ነበር። ከእነዚህና እነርሱን ከመሰሉት ሠዓሊዎች አንዳንዶቹ ከተፈጥሮ ጋር ተባብረን እንሠራለን ይላሉ። ትብብር የሚለው ቃል ትልቅ ቃል ስለሆነ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ ከካሜራው ፎቶግራፍ ይቀድማል። እንግሊዛዊው ቶማስ ዌጅውድ የብር ናይትሬት በተቀባ ወረቀትና ቆዳ ላይ ቅጠልና ይህን የመሳሰለውን ነገር እያኖረ መልኩን በፀሐይ ብርሃን ለማተም ችሎ ነበር፤ ሥራውንም ወዳጁ ሃምፍሪ ዴቪ በ1802 በጽሑፍ አሳወቀለት። ነገር ግን ሁለቱም ሊያሸንፉት ያልቻሉት አንድ ችግር ነበረ። ሥዕሉን የሠራው ብርሃን ሥዕሉን መልሶ ያጠፋው ነበር፤ ነጭ ሆኖ የቀረው የቅጠሉ መልክ ለብርሃን በተገለጠ ጊዜ እርሱም እንደ ዙሪያው ይጠቍራልና። ስለዚህ የድካማቸውን ፍሬ ከቀን ብርሃን ሸሽገው በሻማ ጭላንጭል ይመለከቱት ነበር።

ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የተባለው ሌላው እንግሊዛዊ ሌኮክ በሚባለው ርስቱ ተቀምጦ ወረቀትን በጨውና በብር ናይትሬት እያዘጋጀ የቅጠልና የዳንቴል መልክ ማተም ጀመረ። ጠንካራ የጨው ውሃ ሥዕሉን ጥቂት እንደሚያቈየው ተገነዘበ፤ የሥራውንም ውጤት በ1839 ለሕዝብ አስታወቀ። በዚያው ዓመት የሳይንስ ሊቁ ሰር ጆን ሄርሼል ሃይፖ በሚባለው ኬሚካል ያልተለወጠውን የብር ጨው አጥቦ ማስወገድ እንደሚቻል በማሳየቱ ሥዕሉ በእውነት ጸና። ታልቦት ከ1844 እስከ 1846 በክፍል በክፍል ያሳተመውን መጽሐፍ «የተፈጥሮ እርሳስ» ብሎ ሰየመው፤ በውስጡም በካሜራ ከተነሡት ሥዕሎች ጋር ያለ ካሜራ የታተመ የአንድ ተክል ቅጠል ይገኛል። ስሙ ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ለተፈጥሮ ከድርሻዋ በላይ ሰጥቷታል። እርሳሱን የያዘችው እርስዋ ብትሆንም ወረቀቱን ያዘጋጀው፥ ከሁሉም በላይ የተሣለው እንዳይጠፋ ያጸናው ሰው ነው። ከዌጅውድ እስከ ሄርሼል ድረስ ያለው ድካም የሚያስተምረን፥ የሰው የመጀመሪያ ድርሻ ማጽናት መሆኑን ነው።

የሁለተኛውን ድርሻ ለመረዳት ወደ አና አትኪንስ ሥራ መሄድ ያስፈልጋል። ይህች እመቤት በ1799 በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ ተወለደች። አባትዋ ጆን ጆርጅ ችልድረን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚሠራ የሳይንስ ሰው ስለ ነበረ በዕውቀት መካከል አድጋለች፤ እርሱ ስለ ቀንድ አውጣና ስለ ዛጐል ዓይነቶች ለተረጐመው መጽሐፍም ከ200 በላይ ሥዕሎችን በእጅዋ ሥላለች። እንግዲህ መሣል የማትችል ሰው አልነበረችም። ይህን የምንጠቅሰው፥ ያለ ካሜራና ያለ ብሩሽ የሚሠራው ሁሉ ሥዕል ስላልቻለ ነው የሚሉትን ሰዎች ለማስታወስ ነው።

ሄርሼል በ1842 ሲያኖታይፕ የሚባለውን ዘዴ ፈለሰፈ። ዘዴው በብር ፈንታ በሁለት የብረት ጨዎች የሚሠራ ነው። የጨዎቹ ቅልቅል በጨለማ በወረቀት ላይ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ የሚፈለገው ነገር በላዩ ይቀመጥና በመስተዋት ተጭኖ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ብርሃን የነካው ስፍራ ወደ ጥልቅ ሰማያዊነት ይለወጣል፤ የተጋረደው ስፍራ ግን ቅቡ በተራ ውሃ ታጥቦ ስለሚሄድ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መሐንዲሶች የሕንፃ ፕላን ሲያባዙበት የኖሩት ሰማያዊ ወረቀት ከዚሁ ዘዴ የተወለደ ስለሆነ በአሮጌ መዛግብት መካከል የሠሩ አንባቢዎቻችን መልኩን አያጡትም።

አትኪንስ ይህን ዘዴ ከተፈለሰፈ በዓመቱ ለሥራ አዋለችው። ዊልያም ሃርቪ የተባለው ሊቅ በ1841 ስለ ብሪታንያ የባሕር አልጌዎች ያሳተመው መጽሐፍ ሥዕል አልነበረውም፤ እርስዋም ያን ጉድለት ለመሙላት ተነሣች። አልጌዎቹ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆኑ በእጅ በትክክል ለመሣል አስቸጋሪ መሆናቸው ወደዚህ ዘዴ እንደ መራት በመጽሐፍዋ መግቢያ ገልጣለች። የመጀመሪያው ክፍል በ1843 ወጣ፤ ሥራው እስከ 1853 ድረስ ዐሥር ዓመት ፈጀ። ወደ 400 የሚጠጉ የሥዕል ገጾች ያሉትን ይህን መጽሐፍ ከአንድ ደርዘን በላይ ቅጂ አድርጋ ስታዘጋጅ እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ተቀብቶ፥ ፀሐይ ሞቆና ታጥቦ የተሠራ መሆኑን ስናስብ የትዕግሥትዋ መጠን ያስደንቃል። በፎቶግራፍ ሥዕሎች ከተዘጋጁት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በእጁ የሚገኘውን ቅጂ በኮምፒዩተር ለማንም ገልጦ ስላስቀመጠ እኛም ገጽ በገጽ ለመመልከት ችለናል። ከገጾቹ አንዱ ዲክትዮታ ዲኮቶማ የሚባለውን አልጌ የያዘ ነው፤ አንደኛው ገና ለጋ ሳለ፥ ሁለተኛው ፍሬ በያዘ ጊዜ ይታያል። ቅርንጫፉ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ አራት፥ አራቱም ስምንት እየሆኑ ይሄዳሉ። ሳሳ ባለው ስፍራ ብርሃን ጥቂት ሾልኮ ስላለፈ ነጩ ወደ ውሃ ሰማያዊ ያደላል፤ ወፈር ባለው ስፍራ ደግሞ ፍጹም ነጭ ይሆናል። የእጽዋቱ ውፍረት ራሱ ቀለሙን አደላድሎታል ማለት ነው። የትኛውም ብሩሽ ይህን ያህል ሊታመን አይችልም።

ጉድለቱን ሳንናገር ብናልፍ ግን ሒሳችን ሙገሳ ብቻ ይሆናል። አልጌዎች ቀይ፥ ቡናማና አረንጓዴ ሲሆኑ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ሆነዋል። ለተማሪው የዕፅዋት ቀለም ትልቅ ምልክት ነውና ኪሣራው ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ያ ሰማያዊ መደብ የባሕር መስሎ ዐይንን ያስደስታል፤ ሆኖም ከብረት ጨው የመጣ እንጂ ከባሕር የመጣ አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። ውበቱ የአጋጣሚ ስጦታ ነው። የአትኪንስ ብልኅነት ስጦታውን ተቀብላ ዝም ማለትዋ ነው፤ በላዩ ላይ ማዕበልም ዓሣም አልጨመረችበትም።

አሁን ስለ ሁለተኛው የሰው ድርሻ ለመናገር እንችላለን። ፀሐይ የአልጌውን መልክ በምልዓት ሰጠች፤ ስሙን ግን ልትሰጥ አልቻለችም። በየገጹ ግርጌ ያለው የላቲን ስም የአትኪንስ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ እርሱም በዚያው በብርሃን ዘዴ የታተመ ነው። እግዚአብሔር እንስሳቱን ፈጥሮ ወደ አዳም ባመጣቸው ጊዜ ለእያንዳንዳቸው ስም ያወጣ አዳም እንደ ሆነ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምረን ሁሉ፥ በዚህም ሥራ መልክ ከተፈጥሮ፥ ስም ከሰው መጥቷል። የሚያሳዝነው ነገር፥ ለአልጌዎቹ ሁሉ ስም የጻፈችው ሴት በራስዋ ስም ፈንታ «ኤ. ኤ.» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ብቻ በመተውዋ፥ ከሞተች በኋላ አንድ ጸሐፊ ፊደላቱን «ስሙ ያልታወቀ አማተር» ብሎ እስከ መተርጐም ደርሶ ነበር።

ከዚህ ላይ የካሜራውን ፎቶግራፍና ያለ ካሜራ የሚሠራውን ለማነጻጸር ከመሥሪያ ቤታችን ምሳሌ ብንወስድ አንባቢ ይቅርታ ያደርግልናል። ካሜራ እንደ ጸሐፊ ነው። ነገሩን ከሩቅ ይመለከታል፤ ያሳጥራል፥ ያሳንሳል፥ በሚመቸው ማዕዘን ያስቀምጣል፤ ከዚያም ሪፖርቱን ያቀርባል። አልጌውን በወረቀት ላይ አስተኝቶ የታተመው ሥዕል ግን እንደ ማኅተም ነው። ማኅተም ከወረቀቱ ጋር ካልተነካካ አይታተምም፤ መጠኑም ያው የራሱ መጠን ነው፤ ከዚያ አያንስም፥ አይበልጥም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብዙ አይናገርም፤ ነገር ግን ማኅተሙ በዚያ ስፍራና በዚያ ሰዓት እንደ ነበረ ያረጋግጣል። ሪፖርት በሐተታው ይመዘናል፤ ማኅተም የሚመዘነው በእውነተኛነቱ ነው።

ይህን መመዘኛ ይዘን ወደ ዘመናችን ባለሙያዎች እንመለስ። በ1955 በለንደን የተወለደችው ሱዛን ደርጀስ በ1990ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዴቨን አውራጃ ቶው በሚባለው ወንዝ ላይ የሠራችው ሥራ ከሁሉ የጐላ ነው። የሰው ቁመት የሚያህል የፎቶግራፍ ወረቀት በሌሊት ጨለማ ወደ ወንዙ ወስዳ፥ በአሉሚኒየም መያዣ አድርጋ ከውሃው ገጽ በታች ታሰጥመዋለች። ከዚያ በኋላ ከላይ ሆና ለቅጽበት ብቻ የሚበራ ብርሃን ታበራለች። የውሃው እጥፋት ሁሉ እንደ አጉሊ መነጽር ብርሃኑን እየሰበሰበና እየበተነ በወረቀቱ ላይ መስመር ይጥላል፤ በወንዙ ላይ ያዘነበሉት ቅርንጫፎችም ጥላቸውን ይጨምራሉ። የጨረቃዋ ብርሃንና ከቅርብ ከተሞች ወደ ሰማይ የሚወጣው ፍካት እንኳ የመደቡን ቀለም ይለዋውጡታል።

የአትኪንስ አልጌ ደርቆና ተጭኖ ጸጥ ብሎ የሚተኛ ነበር፤ የደርጀስ ወንዝ ግን አይቈምም። ስለዚህ የሰው ድርሻ እዚህ ላይ ሦስተኛ መልክ ያገኛል፤ እርሱም መምረጥ ነው። የትኛው ሌሊት፥ የወንዙ የትኛው መታጠፊያ፥ የትኛውስ ቅጽበት? ካመጣቻቸው ወረቀቶችስ የትኛው ለሕዝብ ይታይ፥ የትኛውስ ይጣል? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ጥቂት ቅሬታ አለን። የሚፈስ ውሃ መቼም ቢሆን አያስቀይምም፤ በየትኛውም ቅጽበት ቢታተም ያምራል። የትኛው ወረቀት እንደ ተሳካና የትኛው እንደ ከሸፈ ተመልካቹ ለይቶ ለማወቅ ካልቻለ ሒስ ሥራው ይከብደዋል። ይሁን እንጂ ቅርንጫፉና የውሃው መስመር ተጠላልፈው፥ የትኛው በላይ፥ የትኛው በታች እንደ ሆነ ዐይን እስኪጠፋው ድረስ በተዋሐዱባቸው ወረቀቶች ላይ ከመዋብ አልፎ የሚሄድ ነገር አለ። ከወንዙ ዳር ሳይሆን ከወንዙ ወለል ተኝተን ወደ ላይ የምናይ ይመስለናል። ይህን ማዕዘን የመረጠችው ሴትዮዋ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መናገር ይገባናል። የደርጀስን ሥራዎች ያየናቸው በመጽሐፍና በኮምፒዩተር ነው፤ ማለት በካሜራ ተነሥተው፥ ቁመታቸው ተቀንሶ ነው። ከዚህ በላይ ስለ ማኅተም የተናገርነው እውነት ከሆነ እኛ ያየነው የማኅተሙን ሪፖርት ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ዋናውን ከማየት በፊት ትሕትና ሊኖረው ይገባል።

ከዚህም አልፈው የሄዱ አሉ። ጀርመናዊው ፍሎሪስ ኖይስስ በ1984 በካሴል ከተማ የፎቶግራፍ ወረቀት በሌሊት አውጥቶ መብረቅ እንዲያትመው አድርጓል። አሜሪካዊቱ ሜገን ሪፐንሆፍ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ የሄርሼልን ሰማያዊ ቅብ የተቀባ ወረቀት ወደ ባሕር ዳር እየወሰደች ለማዕበል ትሰጠዋለች፤ ማዕበሉ፥ አሸዋውና ጨው ያለበት ውሃ እንደ ፈቀዱ ምልክታቸውን ይተዉበታል። ነገር ግን ወረቀቱን በደንብ አጥባ አታጸናውም፤ ስለዚህ ሥዕሉ በግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ እንኳ መለወጡን አያቋርጥም።

በመዛግብት መካከል ለምንውል ለእኛ ይህ ነገር በመጀመሪያ አስቈጥቶን ነበር። ዛሬ ያለውን ነገ የማይል ሰነድ ለማን ይጠቅማል? ዌጅውድ ሊያሸንፈው ፈልጎ ያልቻለውን ነገር እርስዋ በገዛ ፈቃድዋ ተመልሳ ተቀበለችው። ነገሩን ቀዝቀዝ ብለን ስንመረምረው ግን ልዩነቱ የመጠን ልዩነት መሆኑን ተረድተናል። በሚገባ የታጠበው ሲያኖታይፕ እንኳ በብርሃን ላይ ከቈየ ይደበዝዛል፤ የሚያስገርመው ነገር ወደ ጨለማ ሲመለስ የጠፋውን ቀለሙን አብዛኛውን መልሶ ያገኛል። ፍጹም የጸና ሥዕል የለም። ሪፐንሆፍ ይህን እውነት ሳትደብቅ ገልጣዋለች፤ ባሕርም የማይቈም ነገር ስለሆነ ሥዕሉ መልኩን መለዋወጡ ለጉዳዩ ይስማማል። ነገር ግን ፍርዳችንን ብንጠየቅ፥ ሁሉ ነገር አላፊ መሆኑን ለመናገር ድካም አያስፈልግም፤ አላፊውን ነገር ለሚመጣው ትውልድ ለማቈየት ግን ዐሥር ዓመት መድከም ያስፈልጋል እንላለን። ስለዚህ ከማዕበሉ ወረቀት ይልቅ የአልጌውን ገጽ እናስበልጣለን።

በመጨረሻም ትብብር ወደሚለው ቃል እንመለስ። በአገራችን ገበሬዎች ወንፈል ሲገቡ፥ ዛሬ በባልንጀራው ማሳ ላይ የዋለ ሰው ነገ ባልንጀራው በእርሱ ማሳ ላይ እንደሚውልለት ያውቃል። ብድሩ ካልተመለሰ ወንፈል መሆኑ ቀርቶ ጉልበት መበዝበዝ ይሆናል። ወንዝና ፀሐይ ፈቃዳቸው አልተጠየቀም፤ ቢጠየቁም አይመልሱም። ታዲያ ከእነርሱ ጋር ተባብሬ ሠራሁ የሚል ሠዓሊ ብድሩን በምን ይከፍላል? እንደሚመስለን ብድሩ ያለው በአስተዋይነት ላይ ነው። አትኪንስ አንድዋን ደቃቅ የባሕር ቅጠል ከሌላው ለይታ በትክክለኛ ስምዋ ስትጠራት ብድርዋን ከፍላለች። ደርጀስም ወንዙን ሳትገድብና ሳታደፈርስ በአንድ ቅጽበት ብርሃን ብቻ መልኩን ወስዳ ስትመለስ ብድርዋን ከፍላለች። ይህ ጥንቃቄ በሌለበት፥ ወረቀትን ለዝናብ ጥሎ የወጣውን ሁሉ የተፈጥሮ ሥራ ነው ማለት ስንፍናን በትልቅ ቃል መሸፈን ነው።

ይህን ትምህርት ለመቅመስ ሙዚየም መሄድ አያስፈልግም። አንድ መምህር ቀለሙ ቶሎ በሚለቅ ባለቀለም ወረቀት ላይ የግራር ወይም የኮሶ ቅጠል አኑሮ፥ በመስተዋት ተጭኖ ጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ ቢተወው ተማሪዎቹ የብርሃንን ሥራ በዐይናቸው ያያሉ። ከዚያ በኋላ ከዚህ ውስጥ ፀሐይ የሠራችው የትኛው ነው፥ እናንተ የሠራችሁትስ የትኛው ነው ብሎ ቢጠይቃቸው በሥነ ጥበብ ላይ የሚሰጥ ጥሩ ትምህርት ይሆናል።

ስለ አረንጓዴው ሽፋንም ውሳኔያችንን እንናገር። ለተላላኪው ሳንመልስለት ቀረን። በጀርባው ላይ ቀኑንና የተገኘበትን መደርደሪያ ጽፈን፥ ብርሃን ከማይደርስበት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠነዋል። ሥነ ጥበብ ሆኗል አንልም፤ ማስመሪያዋን በዚያ ያኖራት የማንም ምርጫ አልነበረምና። ሆኖም ከሦስቱ የሰው ድርሻዎች ሁለቱን፥ ስምና ጽናትን፥ ዘግይተንም ቢሆን ሰጥተነዋል።